የጀማሉዲን ሊብሬ

ልጄ ጀማሉዲን ኮምቦልቻ አስተማሪ ነበር። አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያን የገዛት አንዲት ዶቅዶቄ ነበረችው። በ1970 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከሚያስተምርበት ክፍል አውጥተው ደሴ ወስደው ሲያስሩት፣ ዶቅዶቄዋ ጓዳ ገባች። ሚስቱ መዲና አቧራዋን እየጠረገች ሰባት ዓመት አቆየቻት። ለጋብቻ የሚጠይቃት ሲመጣ፣ "ባል አለኝ፤ ከደሴ አዲስ አበባ ወስደው አስረውት ነው" ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ "እውነቷን ነው" እላለሁ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ እርዳታ እህል የሚያመላልሱትን መኪኖች የሚጠግን ማርቲን የሚባል ፈረንጅ ሰፈራችን ቤት ተከራየ። ሥራው ሲያልቅ ታዲያ በአውሮፕላን መሄድ አላማረውም። ዶቅዶቄዋን ገዝቶ በባቲ በኩል አሰብ ሊወርድ፣ ከዚያ መርከብ ላይ ጭኗት ከባሕሩ ማዶ አገር ላገር እየዞረ ቤቱ ሊገባ አሰበ።

"በሰማይ የሚያደርሰው እያለ አቧራ ምን አስናፈቀው?" አለች መዲና እየሳቀች።

"አገር ማየት ነዋ ደስታው" አልኳት።

"እኛን አይቶ አልጠገበም?"

እምቢ እምቢ ስትል ከርማ፣ የዚያ ዓመት ችግር ጸንቶባት በመጨረሻ እሺ አለች። "ጀማል ሲፈታ የተሻለ ይገዛል። ይቺማ ዝጋለች" አለች።

ስም ለማዛወር ሦስታችን ደሴ ወጣን። ጸሐፊው ሊብሬውን ገልጦ ስሙን አየና፣ "ወይ ባለቤቱ ቀርቦ ይፈርም፣ ወይ የሞቱ ማስረጃ ይምጣ። ያለዚያ ወደቡ ላይ አያሳልፉትም" አለ።

ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን። ቤት ስንደርስ መዲና፣ "አባዬ፣ ሞቷል ብለን ብናስጽፍስ? ወረቀት እኮ ነው፤ ወረቀት ሰው አይገድልም። ሲመጣ አብረን እንስቅበታለን" አለችኝ።

ልጆቼ፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልጄ መሞቱን እኔ አውቅ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር። "አንቺ ካልሽ እሺ" አልኳት።

የቀበሌያችን ጸሐፊ ወርቅነሽ የጀማሉዲን ተማሪ ነበረች። ከወረቀቷ ቀና አላለችም።

"ምክንያቱን በሕመም ልበለው፣ ጋሼ በሺር?"

"በይው።"

"ቀኑስ?"

መዲና በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፤ አፍዎ ላይ የመጣውን ይጥሩ ማለቷ ነው። ማርቲን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመጣልኝን ቀን ብጠራ ያልፍ ነበር። ግን በልጄ ሞት ላይ የውሸት ቀን ልጨምር ስል አፌ እምቢ አለኝ።

"ጥር ሃያ ሦስት፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት። ማክሰኞ ቀን።"

የመዲና ክርን ከጎኔ ተነሳ።

"ማክሰኞ?" አለች ቀስ ብላ። "ስንቅ አድርሰው የመጡበት ቀን አይደል እንዴ? 'ምሳውን በልቶ ሲያበቃ ወደ አዲስ አበባ ጫኑት' ያሉኝ?"

ዓይኔን ወደ ወርቅነሽ ወረቀት መለስኩ።

"አባዬ፣ ምሳውን ማን በላው?"

"ዘበኛው 'ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ' አለኝ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረም። ምሳ ዕቃውን እንደ ሞላ ይዤ ልገባብሽ አልቻልኩም። ከደሴ ስወርድ ዶሮ መዝለያ የሚሉት ቦታ ላይ ከመንገዱ ዳር ተቀመጥኩና… እኔ ነኝ የበላሁት።"

አላለቀሰችም። "ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር" አለች። ከዚያ ወርቅነሽን የት እንደምትፈርም ጠይቃ ፈረመች።

የሸሸግኩት ለሷ አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ብነግራት ትሄዳለች፣ ቤቱ ባዶ ይቀርብኛል ብዬም ፈርቼ ነበር።

ሊብሬው የተዛወረ ዕለት ማርቲን ዶቅዶቄዋን ግቢያችን ውስጥ አስነሳት። ድምጿን የሚያውቁ ጎረቤቶች ጀማሉዲን የተፈታ መስሏቸው እየሮጡ ወጡ፤ አንዷማ እልል ብላ ነበር። ፈረንጁን ሲያዩ፣ የመዲናን ፊት ሲያዩ ገባቸው። ለቅሶው እዚያው በር ላይ ተጀመረ። ማርቲን ምን እንዳደረገ ሳይገባው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ በኋላ ግን መንገድ ይመሽበታልና ሄደ።

ሼኹ መጥተው፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠው የአራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ድሮ እንዳለፈላት ነገሯት።

"ለእኔ የሞተው ዛሬ ነው" አለቻቸው።

በባሏ ቤት፣ ማለት በእኔ ቤት፣ ተቀመጠች። ምግቤን አላጓደለችብኝም፤ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች። "አባዬ" ግን አትለኝም።

ኢዳው ባለቀ ማግስት ወደ እናቷ አገር፣ ወደ ቢስቲማ፣ ልትሄድ ጓዟን አሰረች። መኪናው ጋ ድረስ ተከትያት ሄድኩ።

"አውፍ በይኝ፣ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።"

"አላህ አውፍ ይበልዎ" አለችና ወጥታ ተቀመጠች። እኔም አውፍ ብያለሁ ትለኝ እንደሆነ ብዬ፣ መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ መስኮቷ ሥር ቆምኩ። አላለችም።