ሄርሜላ የምታለቅስበት ሰዓት

ዶክተር እንዳለ ልጅ የለውም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ በቦንጋ ከተማ ስለ ሕፃናት ልቅሶ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ይገርመኛል። ሦስት ወር ያልሞላው፣ ጤነኛ የሆነና በደንብ የሚጠባ ሕፃን በየቀኑ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፣ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ካለቀሰ እኛ ቁርጠት ያዘው እንላለን፤ እሱ ኮሊክ ይለዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው ስለው ስለ አንጀት ባክቴሪያ፣ ስለ አየር፣ ስለ ነርቭ ሲያስረዳኝ ቆይቶ መጨረሻ ላይ፣ "በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ የምናጠናውም ለዚህ ነው" ይላል። አለማወቁን ስለማይደብቅ እወደዋለሁ።

እኔ የምሥራች እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ቦንጋ ነው። በጥናቱ ውስጥ ሥራዬ ቤት ለቤት መዞር ነው። ለእናቶቹ ጠብታ እሰጣለሁ። ከጠርሙሶቹ ግማሹ መድኃኒት አለው፣ ግማሹ የለውም፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ እኔም ዶክተሩም አናውቅም። እናትየዋ ልጇ ያለቀሰበትን ሰዓት ቅጽ ላይ ታጠቁራለች፤ አንዷ ሳጥን አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። ከዚህ ሌላ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ከጡትና ከጠብታው በቀር በሕፃኑ አፍ ምንም አይገባም።

ከምዞርባቸው ሠላሳ ስምንት ቤቶች የሰሎሜን ቤት አብልጬ እወዳለሁ። ማዳላት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰሎሜ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናት። ባሏ ነቢዩ ዋጫ ከተማ ያስተምራል፤ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ልጃቸው ሄርሜላ ጥናቱ ውስጥ ስትገባ ሦስት ሳምንቷ ነበር። ሌላው ቤት ወጥ የፈሰሰበት ቅጽ ሲሰጠኝ ውሎ የሰሎሜን ሳገኝ ነፍሴ መለስ ትላለች። ሳጥኖቹን የምታጠቁረው በማስመሪያ ነው።

ገና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቤቷ ስገባ አከራይዋ እትዬ አልጣሽ የተፈላ ጤና አዳም በስኒ ይዘው ሕፃኗ ራስጌ ቆመው አገኘኋቸው። ምላሴ ይቀድመኛል፤ የቆየ አመሌ ነው። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ "እትዬ፣ ልጅ ሊገድሉ ነው እንዴ?" አልኳቸው። ወደ ሰሎሜ ዞሬ ደግሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ልጅ ማንም እንዳይነካት! ጥናቱን ታበላሹብናላችሁ" አልኩ። እትዬ አልጣሽ ስኒያቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ሕግ ያስከበርኩ መስሎኝ ኮራ ብዬ ባጃጅ ተሳፈርኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስሄድ ሰሎሜ በሩን የከፈተችልኝ በአንድ እጇ ነው። በሌላው ልጇን ይዛለች። ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ዓይኗ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀምጧል።

"ሲስተር፣ ጡት ላስጥላት ነው" አለችኝ ዓይኔን ሳታይ። "ነቢዩ ቅዳሜ ሲመጣ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ይወስዳታል።"

"ምን ሆንሽ? በስድስት ሳምንቷ?"

"ወተቴ ነው የሚቆርጣት። ወተቴ ካልሆነም እኔ ነኝ። ሳቅፋት ይብስባታል። ልጄ አልወደደችኝም፣ ሲስተር።"

ሄርሜላን ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፤ ከስድስት መቶ ግራም በላይ ጨምራለች። ሆዷን ዳሰስኩ፣ ሙቀቷን ለካሁ፤ ምንም የላትም። "ወተትሽ ቢጎዳት ኖሮ እንዲህ ትፋፋ ነበር? ሦስት አራት ወር ሲሞላት በራሱ ይተዋታል" ብዬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። "እሺ" አለች። ጉዳዩ እንደማያልቅለት ያወቀ ባለጉዳይ ለጸሐፊዋ የሚላት ዓይነት እሺ ነበር።

"ማን ያግዝሻል?" አልኳት።

"ማንም።"

"ግቢው ሙሉ ሰው አይደል እንዴ?"

"ማንም አይንካት ያሉት እርስዎ አይደሉም?" አለችኝ። ቅሬታ እንኳን አልነበረበትም፤ ቅጹን እንደምትሞላው ትእዛዜንም በማስመሪያ ጠብቃዋለች። ለሦስት ሳምንት በሯን ዘግታ፣ እህል በአንድ እጇ እየቀመሰች፣ ያንን ሁሉ ልቅሶ ብቻዋን ተሸክማዋለች።

ወጥቼ ለዶክተር እንዳለ ደወልኩ። ሰው ቢያቅፋት ጥናቱ ይበላሻል ወይ አልኩት። "ማቀፍ ማን ከለከለ?" አለኝ ግራ ገብቶት። "የከለከልነው በአፍ የሚገባውን ነው።" ስልኩን ዘጋሁ። የአራስን ልጅ ጎረቤት እየተቀባበለ እንደሚያሳድግ ከእኔ ከቦንጋዋ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

እትዬ አልጣሽ በረንዳቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ሰላም አልኳቸው፤ በአማርኛ መለሱልኝ። መቀየማቸውን በዚህ አወቅሁ።

"አጥፍቻለሁ፣ እትዬ። መከልከል የነበረብኝ ስኒውን ነው፤ እኔ እጅዎን ከለከልኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

በቆሏቸውን መፈልፈል ቀጠሉ። "ሰባት ልጅ አሳደግሁ" አሉ። "ሰባቱም አሉ። አንቺ ገዳይ አልሽኝ። በሰው ፊት።"

እውነታቸውን ነው። ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣውን መሲን፣ ሌላዋን ተከራይ፣ ጠራሁና በእሷ ፊት ጎንበስ ብዬ ይቅርታዬን ደገምኩ። መሲ ሳቋ መጣ። እትዬ አልጣሽ ግን ተነሡ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ በሳሙና አሹ፣ ከዚያም እንድፈትሸው ፊቴ ላይ ዘረጉልኝ። "ስኒ የለም" አሉ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሄርሜላ ጀመረች። እትዬ አልጣሽ ከሰሎሜ እቅፍ ተቀበሏት። "ቁርጠት እኔን ያውቀኛል" አሉና በሆዷ ክንዳቸው ላይ አስተኝተው፣ ጀርባዋን እያሻሹ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። ሰሎሜን ጋደም በይ አልናት። "ልጄ እያለቀሰች አልተኛም" አለች፤ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሁን ዝም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ሳጥኖቹን አንድ፣ ሁለት፣ አራት አጠቆርኩ። ዝናብ መጣና ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፤ ሄርሜላ ከዝናቡ በላይ ጮኸች። እትዬ አልጣሽ የሚያውቁትን እሹሩሩ በሁለት ቋንቋ ጨረሱ። መሲ ተቀበለቻት፣ አልሆነላትም። እኔ ከነሃያ ሁለት ዓመቴ ብቀበላት ጭራሽ ባሰባት። ሰሎሜ ከመነሣቷ በፊት ዝም አሰኚያት እያልኩ እመቤቴን ለመንኩ። ተነሥታ ይህንኑ ጩኸት ካገኘች እኛን ማምጣቴ ምን ሊረባት ነው?

አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰሎሜ ብቅ አለች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። በሩን ተደግፋ አየችን፤ እትዬ አልጣሽ በላብ ተጠምቀው፣ የመሲ ሻሽ ወልቆ፣ እኔ ቅጹን ይዤ።

"እስካሁን ታለቅሳለች?"

"አላቆመችም" አልኳት።

"እርስዎም ጋ፣ እትዬ?"

"እኔም ጋ!" አሉ እትዬ አልጣሽ ብሽቅ ብለው። "እንዲህ ያለ ልጅ በዕድሜዬ አላየሁም! መሲ ጋም ያው። ይቺ ነርስ ስትይዛትማ አበደች!"

ሰሎሜ ተራ በተራ ፊታችንን አየች። ልታለቅስ ነው ስል ሳቀች፤ ዓይኗን እየጠረገች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እኔ ጋ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለች። "እኔን ጠልታ መስሎኝ ነበር እኮ!"

እጇን ዘርግታ ልጇን ተቀበለች፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና አጠባቻት። ሄርሜላ ሁለቴ ሳብ ታደርጋለች፣ ትለቅና ትጮኻለች፣ ደግሞ ትይዛለች። በዚህ መሀል ነቢዩ ደወለ። የሚለው በጩኸቱ መሀል በቅጡ አልተሰማትም፤ የምትለውም አልተሰማውም።

"አዎ፣ እሷ ናት!" አለችው ሰሎሜ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "አዎ፣ ታለቅሳለች። ነቢዩ፣ ልጄ የትም አትሄድም!"