ዮይክ ያልወጣላት

ዕድሜ ቅናትን ያበርደዋል የሚል ሰው ካለ ራቭናን አያውቃትም። ሰባ ዓመት አልፏት እንኳ በታናሽ እህቷ በማሬት አንጀቷ እስኪያር ትቀና ነበር።

ያን ቀን በልጅነታቸው ከእናት ጉያ ተነጥቀው የኖርዌጅኛ አዳሪ ትምህርት ቤት የተወረወሩ ሳሚዎች፣ የሰሜን ኖርዌይ ነባር ሕዝብ፣ ሐዘናቸውን አብረው ሊያወጡ በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስበዋል። አዛውንቱ ሁሉ ይነፋረቃል። ራቭና ግን እንባ ጠብ አላላትም፤ ዓይኗ ማሬት ላይ ነው።

ብትቀና ምን ይፈረድባታል! እሷን ሲወስዷት ማሬት ሳንባዋ ደካማ ነው ተብላ ቀረች። ቋንቋውም፣ የእናት ጭኑም፣ ዮይኩም ለእሷ ሆነ። ዮይክ ስለ ሰው የሚዘፈን ዘፈን አይደለም፤ ዜማው ሰውየው ራሱ ነው። እንደ ስም ሌላ ሰው ያወጣልሃል እንጂ ለራስህ አታወጣም። ለራቭና ያወጣላት የለም።

ማሬት ተነሥታ የሟች ባሏን ዮይክ ስታንጎራጉር ራቭና አላስችል አላት።

«በቃሽ! እማንም ብቻሽን ጠገብሻት፣ ዮይኳንም። ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

ማሬት ዜማዋን አቋርጣ ዞረች። «በማን ነው የምትቀኚው? የእኔን ያወጣችልኝ አክስታችን ናት። እማ አንድ ቀን እንኳ እኔን አላንጎራጎረችም።»

«ውሸታም!»

«ጭኗ ላይ ተቀምጬ የምታንጎራጉረው አንቺን ነበር። በረዶው እስኪቀልጥ፣ ወደ መንገዱ እያየች። ላወራት ስል ‹ዝም በይ፣ እህትሽን እየጠራኋት ነው› ትለኛለች። ስንቴ ‹ምነው በዚያው በቀረች› ብያለሁ መሰለሽ!»

«ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ዝም አለች?»

«የመጀመሪያው በጋ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ጀምራልሽ ነበር። አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ ‹ኃጢአት ነው! ሰይጣን ይመጣል!› ብለሽ በኖርዌጅኛ ጮኽሽ። ከዚያ ወዲህ ስትመጪ ዝም ትላለች፤ ስትሄጂ ትጀምራለች።»

ራቭና ትዝ አላት። ያስተማሯትን ነበር የደገመችው። አሁን ገና እንባዋ መጣ።

«ታውቂዋለሽ?» አለች በቀስታ።

«እንዴት ይጠፋኛል? ከቅናት ብዛት እኮ ነው በቃሌ የያዝኩት።»

ማሬት ጀመረች። ዜማው እየተቆጣ ይነሣል፣ ይሰናከላል፣ ደግሞ ይሮጣል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ራሷ ናት! ቁጡዋ ራቭና!» አሉ፤ ሕዝቡም በእንባው መሀል ሳቀ።

የራቭና እጆች ሳታዛቸው ወደ ጆሮዋ ተነሡ። መልሳ አወረደቻቸውና ተቀመጠችባቸው።