ለሥርጉት የመረጥኩላት መግረፊያ

ተማሪ በመምህሩ ይቀናል እንጂ መምህር በተማሪው ቀና ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ግን ቀናሁ፤ ያውም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ያውም በአምስት ጥፍር።

ክንዱ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ክራር አስተምር ነበር። እንጀራዬ ግን ጠጅ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰካራም ሁሉ «አንተ ባለ ክራር» እያለ ሲጠራኝ ስለኖርኩ፣ አንድ ቀን እንደ ሰው ተቀጥሬ መድረክ ላይ ብቀመጥ ሌላ አልመኝም ነበር።

ሥርጉት ሰኔ ላይ መጣች። ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር በየቅዳሜው በሚኒባስ የምትመላለስ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። እናትና አባቷ ስለሞቱ ከወንድሟ ከአለበል ጋር ትኖራለች። አለበል ለአንድ የቡሬ እህል ነጋዴ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ሰውየው ሁለት ሚስት የፈታ፣ እጁ ለዱላ የሚፈጥን ነው ይባላል። ወንድሟን አልቅሳ ብትለምነው፣ «እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ፤ በክራርሽ እንጀራ ካገኘሽ ትቀሪያለሽ፣ ካላገኘሽ ትዳሪያለሽ» አላት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንዱ ግርፍ ነው፤ መግረፊያ የምንላትን ቁራጭ ይዘህ ክሮቹን አንድ ላይ ትገርፋቸዋለህ። ሌላው ድርደራ ነው፤ እያንዳንዱን ክር በጥፍርህ ለይተህ ታናግረዋለህ። ግርፍን ማንም ይለምደዋል። ድርደራ ግን ጆሮ ይጠይቃል፣ ከዚያም በፊት ጥፍር ይጠይቃል። ገበሬ ቤት ውስጥ ደግሞ ጥፍር ማሳደግ ቀልድ አይደለም። ሥርጉት ከነሐሴ ጀምራ የአንድ እጇን ጥፍር ስታሳድግ፣ ጤፍ የምታርመው ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። የወንድሟ ሚስት «እመቤቲቱ» እያለች ትሸረድዳታለች፤ አለበልም «ጥፍራም» ይላታል። እሷ ዝም ብላ አሳደገችው።

ጥር ላይ አንቺ ሆዬ ቅኝትን ደረደረችልኝ። ተቀምጬ ሰማሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምፈልገውን ድምፅ ይቺ ልጅ በሰባት ወር አግኝታዋለች።

«እንዴት ነው፣ አያ ክንዱ?» አለችኝ።

«ገና ይቀርሻል» አልኳት። ምንም አልቀራትም።

በዚያው ሳምንት አንድ የባህል ቡድን አንድ ክራር መቺ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሄጄ አነበብኩት። ፈተናው አንቺ ሆዬን በድርደራ መጫወት ነው ይላል። ቅዳሜ ሥርጉት ስትመጣ ነገርኳት፤ እኔም እንደምወዳደር አልደበቅሁም።

«እርስዎ ካሉበትማ ለኔ አይደርስም። ግና እስቲ ልሞክረው» አለች። «ፈተናው ምንድን ነው ይላሉ?»

«ግርፍ ነው» አልኳት።

አመነችኝ። በእኛ አገር ተማሪ መምህሩ ያለውን ሄዶ አያጣራም፤ ቢያጣራ ነውሩ የእሱ ነው።

«እንግዲያ መግረፊያ ይምረጡልኛ» አለች፤ ጠላ ቤት ደጅ እንደተቀመጠ ሰው ተዝናንቼ ሦስት መግረፊያ ዘረጋሁላት። አንዷ ከበሬ ቀንድ የተፋቀች ናት፣ አንዷ ከደረቀ ቆዳ፣ አንዷ ከጀሪካን ላስቲክ የተቆረጠች። ቀንዷ ድምፅ ታጎላለች፣ ለጀማሪ እጅ ግን ትከብዳለች፣ ክርም ትበጥሳለች። ቆዳዋ ለስላሳ ናት፤ ዝናብ ሲሆን ትልፈሰፈሳለች። ላስቲኳ ለናይለን ክር ትስማማለች፣ ጀማሪንም አታሳፍርም። ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረዳኋት፣ ሁሉም እውነት ነበር። ሰው ውሸት ሲተክል ዙሪያውን በእውነት ማጠር አለበት። እሷ ቀንዷን ወደደች፤ እኔ ላስቲኳን አስያዝኳት።

«ጥፍርሽ ግን መግረፊያውን አላስጨብጥ አለሽ» አልኩ፣ ሁለት ሦስቴ ካስገረፍኳት በኋላ።

«ይቆረጥ ይላሉ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

ይህቺን አነጋገር እወዳታለሁ፤ ጥፋቱን ሁሉ ለሰሚው ትታ ትወጣለች። ጥፍር መቁረጫውን ከኪሴ አውጥቼ ያቀበልኳት ግን እኔ ነኝ። አምስቱንም ቆረጠቻቸው። ጥፍር ሜዳ አይጣልም ብላ ቁራጩን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

የፈተናው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ መካከል ላይ ለግጥሙ ዳኝነት የተጋበዙት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ተቀምጠዋል። የምንጠራው በቁጥር ነው። ሥርጉት ስድስት ናት፣ እኔ ሰባት።

«ስድስት። እንደ ማስታወቂያው፣ አንቺ ሆዬን በድርደራ» አለ አንዱ ፈታኝ።

«እንደ ማስታወቂያው» የሚለውን ስትሰማ ዞራ አየችኝ። እኔ ክር እንደሚያጠብቅ ሰው ክራሬ ላይ አቀረቀርኩ።

በጣቷ ሥጋ ሞከረችው። ድምፁ ታፈነ፤ እርጥብ እንጨት ሲመታ ያለውን ያህል እንኳ አልሰማ አለ። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ታፈነባት፣ አቆመች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሏት። ያቺን ላስቲክ አነሳችና ክራሩን እየገረፈች እንዲህ አለች፦

ጣቴም አልሰነፈ፣ ጥፍሬም አልበደለ፤
ክንዱ ነው የከዳኝ፣ ክራሬን የጣለ።

አዳራሹ ሳቀ። ክንዷ ዝሎባት ነው ብለው ነው። «ክንድሽን አጠንክረሽ ለከርሞ ነይ» አላት ያው ፈታኝ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ቅኔ አዋቂ በሰሙ ብቻ አይስቅም፤ ወርቁን እስኪያገኝ ይጠብቃል።

«ሰባት» ተባለ። ቀርቤ መታወቂያዬን ሰጠሁ። መሪጌታ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ክንዱ።»

ሳቁ ተቋረጠ። መሪጌታ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጥፍራቸው የተቆረጠ ጣቶቿን አዩ። አሁን ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቅኔሽ ሞልቷል፣ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው። «ሰሙም ወርቁም ደርሶናል። እኛ የምንቀጥረው ግን ክራር መቺ ነው።» ከዚያ መታወቂያዬን በሁለት ጣት መለሱልኝ። «ይጫወቱ፣ ጌታዬ።»

ተጫወትኩ፤ ተቀጠርኩም። ደስ አለኝ። አፈርኩ ብል ቅጥፈት ይሆናል፤ ሀፍረቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ እንደወጣ፣ የቡሬው ነጋዴ ለሠርጉ ቡድናችንን ጠራ። ታምሜያለሁ ብዬ ልቀር እችል ነበር። አልቀረሁም። ሥርጉት ዳሱ ውስጥ ተሸፋፍና፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሙሽራ በዚያ ቀን ቃል አይወጣትም፤ ወጉ ነው። አለበል ሲያየኝ እየሮጠ መጥቶ እጅ ነሳኝ።

«መምህሯ እርስዎ አይደሉ? እስቲ የምትወዳትን ይጫወቱላት» አለኝ።

አንቺ ሆዬን ጀመርኩ። እንደዚያ ቀን አድርጌ ደርድሬ አላውቅም፤ ጫጫታው ሁሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እሷ ብቻ ቀና አላለችም። ሙሽራው ዙሪያውን አየና አፈረ መሰለኝ፣ «ቀና በይ እንጂ፣ ሰው እየተጫወተልሽ» ብሎ አገጯን ጨምድዶ ፊቷን ወደ እኔ አዞረው። ጣቶቹ ጉንጯ ላይ ሲሰምጡ አየሁ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ተጫወትኩላት።