ሳር የያዘው ፈረንጅ

ጀይላንን የገደለው ብረት ከሰማይ ሲወርድ እህቱ ዓዲላ ከሚሴ ትምህርት ቤት ተቀምጣ ክፍልፋይ ትደምር ነበር። ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ። መምህሩ "ነጎድጓድ ነው፣ ወደ ሥራችሁ" አለ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር፤ ግን መምህር ካለ አለ ነው፣ ሁሉም ወደ ክፍልፋዩ ተመለሰ።

ቤት ስትደርስ ነገሩ አልቋል። እንስራ የሚያህል ክብ ብረት ጨፋ ሜዳ ላይ ወርዶ፣ ማሽላ ሲጠብቅ የነበረውን ጀይላንን አግኝቶታል። ያ ሁሉ ሜዳ እያለ። ሬሳ አጣቢዎቹ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ወጡ፤ የሚታጠብ ብዙ አልነበረም። ለከፈን የተገዛው አቡጀዴ ግማሹ ተረፈ፤ ጎረቤት ወሰደው። ለጀይላን ሠርግ የቀረው አንድ ወር ነበር።

እናቱ ፋጡሜ ብረቱን አንከባልላ ቤቷ አስገባችና ከአልጋዋ ኋላ አስቀመጠችው።

"ገዳዩ መጥቶ ደሙን እስኪያደርቅ ይህ ነገር ከዚህ አይወጣም" አለች።

"አንቺ ፋጡሜ" አሉ ጎረቤቶች፣ "የሰማይ ነገር ገዳይ የለውም። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው።"

"ቀደር ላይ ፊደል አይጻፍም" አለች።

እውነቷን ነው። ብረቱ ላይ የፈረንጅ ፊደል ነበር። ዓዲላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠርታቸዋለች፤ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሉ ግን አላወቀችም። ክፍሏ አምስተኛ ነው። ምላሷ ግን አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚላት እንዲያ ነው።

በሦስተኛው ወር አንድ ላንድሮቨር መጣ። ከውስጡ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዚያ የጨፋ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሹም ነው። ዓዲላ ወዲያው ባለከረባቱ ብላ ስም አወጣችለት። ሌላው ቀይ ረዥም ፈረንጅ ነው። የመንግሥት ሰው አይደለም፤ ብረቱን የሠራው ኩባንያ ሰው ነው። ነጋዴ ነው አሉ፣ ሰማይ ላይ የሚነግድ።

"ሰንበቴ ገበያ ላይ ቦታ አጥቶ ነው?" አለች ዓዲላ። ሰው ሳቀ። ባለከረባቱም ሳቀ፤ በዚያው አስተርጓሚ አደረጋት። ፋጡሜ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አትሰማም፤ ፈረንጁ ሁለቱንም አይሰማም። ስለዚህ ቃሉ ከፈረንጁ ወደ ባለከረባቱ፣ ከባለከረባቱ ወደ ዓዲላ፣ ከዓዲላ ወደ እናቷ ይንከባለል ጀመር።

"ብረቱን መልሺልን፣ አንድ ወረቀት ላይ ፈርሚልን" አለ ባለከረባቱ።

"ገዳዩ እሱ ነው?" አለች ፋጡሜ ወደ ፈረንጁ እያየች።

"ማንም አልገደለም።"

"እንግዲያው እንግዳ ነው። ወተት ጠጥቶ ይሂድ።"

ወተት ጠጡና ወጡ። ባለከረባቱ ላንድሮቨሩ አጠገብ ዓዲላን ለብቻዋ ጠራት። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣትና መኪናው ላይ ተደገፈ።

"ስሚኝ። በዓለም ያሉ መንግሥታት የሰማይን ሕግ ሊጽፉ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ሰማይ ላይ ማን ሳተላይት ይልካል፣ የተላከው ቢወድቅ ማን ይጠየቃል፣ እሱን ነው የሚነጋገሩት። ገሚሱ መንግሥት 'ኩባንያ ሰማይ ላይ ምን አገባው' ይላል። ይህ ሰውዬ እዚያ ወንበር ተሰጥቶታል። 'እኛም እየተጠነቀቅን ነው የምንሠራው' ብሎ ሊናገር ነው። አገራችንም እዚያ ትቀመጣለች። እናትሽ አልጋ ኋላ ያለው ነገር ግን 'ተጠነቀቅን' የሚለውን ያፈርስበታል፤ መንገዱን ዘጋው።"

"ለወንድሜ ወንበር አላቸው?"

"አፍሽ ስለት ነው" አለ፤ አልተቆጣም። "እናትሽን ምን ያሳምናታል? አንቺ ታውቂያታለሽ።"

ዓዲላ ከረሜላውን ወደ አንድ ጉንጯ ገፋችው። አዋቂ ሰው፣ ያውም ባለከረባት፣ ምክር ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው። ደረቷ ተነፋ።

"አታውቁበትም" አለች። "እዚህ ሰው የገደለ ሰው እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ፣ አስታራቂው አበጋር ፊት ይንበረከካል። የሟች እናት ሳሩን ከተቀበለች ደሙ ደረቀ፣ አለቀ። ያን ደም ዳግመኛ ያነሳ ሰው ዘሩ ይጠፋል። እናቴ ሳር ይዞ የመጣን አትመልስም፤ ማንም አይመልስም።"

"ገዳዩ ምን ብሎ ይናገራል?"

"ምንም። ሳሩ ራሱ 'ገድያለሁ' ማለት አይደል? ያልገደለ ሰው ሳር ይዞ ምን ሊሠራ ይመጣል?"

ባለከረባቱ አንድ ከረሜላ ጨመረላት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አበጋሩ አባ ሙሳ፣ የገዳይንና የሟችን ወገን የሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ መሀል ተቀመጡ። ፈረንጁ ከላንድሮቨሩ ወርዶ ከወንዙ ዳር የታጨደ እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ሱሪውን ትንሽ ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይህን ያህል ቀይ ሰው፣ ይህን ያህል ሩቅ አገር አቋርጦ፣ "ገድያለሁ" ሊል መጣ።

ፋጡሜ ተነሳች። ሳሩን ተቀበለችው።

"ጀይላን ልጄ" አለች በኦሮምኛ፣ "አሁን ተኛ።"

አባ ሙሳ ዱዓ አደረጉ፤ ሰዉ አሚን አለ። ሁለት ጎረምሶች ብረቱን አውጥተው ላንድሮቨሩ ላይ ጫኑት። ያኔ ባለከረባቱ ከቦርሳው ወረቀቱንና የማኅተም ቀለሙን አወጣ።

"እርቁን የሚያጸና ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ጣቷን ታሳርፍ።"

"ላንብብላት" አለች ዓዲላ።

"አያስፈልግም፣ ረዥም ነው።"

"አምስተኛ ክፍል ነኝ" አለችና ወረቀቱን ከእጁ ሳበችው።

እየኮራች ማንበብ ጀመረች፤ ኩራቱ ሁለተኛው መስመር ላይ አለቀ። *ልጄ ጀይላን በመብረቅ ተመትቶ መሞቱን፣ የኩባንያው ዕቃ በሰውም ሆነ በንብረት ላይ አንዳች ጉዳት አለማድረሱን በፈቃዴ አረጋግጣለሁ።* ዓዲላ ቀና አለች። ከዚያ ሁሉንም፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብላ በኦሮምኛ አለችው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

"አትፈርሚ፣ አዮ" አለች እናቷን። "ሳሩን ጣይው። አልገደልኩም ነው የሚለው።"

"ጨሊሲ" አለች ፋጡሜ። ዝም በይ ማለቷ ነው። ወደ አባ ሙሳ ዞረች።

አባ ሙሳ ጢማቸውን ያዙ። "ሳሩ በማን እጅ ነው?"

"በእጄ።"

"ዱዓው?"

"ተደርጓል።"

"እንግዲያው ደሙ ደርቋል። እሱ ዋሽቶ ከሆነ ከአላህ ጋር ይተሳሰባል። አንቺ ወረቀቱን እምቢ ብለሽ ደሙን ብታነሺ ግን እዳው ያንቺ ነው። ያለችሽ አንዲት ልጅ ናት።"

ፋጡሜ እጇ ላይ ያለውን ሳር አየችው። "ፈረንጅ" አለች፣ "ሳር መያዝን ከየት አወቀ?"

"ምን አለች?" አለ ባለከረባቱ።

ዓዲላ ነገረችው። እሱም ፈገግ አለ፤ ክፋት እንኳ አልነበረውም፣ የሚያመሰግናት መስሎት ነው። "ብልህ ልጅ አለሽ በያት። ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?"

ከተወለደች ጀምሮ የዓዲላ ምላስ የታሰረው ያን ቀን ብቻ ነው። መሬቱን አየች። አባ ሙሳ ግን አማርኛ ይሰማሉ።

"የተባለውን ተርጉሚ" አሏት። "አስተርጓሚ ቃል አይውጥም።"

"አዮ" አለች። "እኔ ነኝ የነገርኳቸው።"

ፋጡሜ ልጇን ሰንበቴ ገበያ ላይ የታመመች ፍየል እንደሚያይ ሰው አየቻት፤ ልግዛት አልግዛት ሳይሆን፣ ማን አመጣት ብላ። ከዚያ ማንም ሳይዛት አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። ጣቷን አንስታ የቀረውን ቀለም በዓዲላ ነጭ ሻሽ ጠረገችው። አልተቻኮለችም። እስኪጠራ ጠረገችው።

ፈረንጁ ካሜራ አወጣ። ባለከረባቱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከረባቱን አስተካከለ። "ይህ ፎቶ ጉባኤው ላይ ይታያል። ሳሩን ከፍ አድርጋ ትያዝ። አንቺም ወደ ጎን በይ፣ ሻሽሽ ቆሽሿል። ፈገግ በይ በያት።"

ዓዲላ ወደ ጎን አለች።

"አዮ፣ ሳሩን ከፍ አድርጊው ይሉሻል። ፈገግ በይም ይሉሻል።"

ፋጡሜ ሳሩን ከፍ አደረገችው። ዓይኗን ከካሜራው ላይ አንስታ ልጇ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ አለች፤ ፈረንጁ "አንድ ልድገም" እስኪል ድረስ አፏን አልዘጋችም። ሲደግምም ዓይኗ ዓዲላ ላይ ነበር።