ሦስተኛው ወንበር

በሦስተኛው ዙር አጋማሽ ላይ የሰማያዊው ጥግ ልጅ እጅ ተከፈተ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ እንደ ሆንኩ በዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

የዓለም አቀፉ የወጣቶች ቦክስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ነበር። አምስት ዳኞች በሪንጉ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ የእኔ ሦስተኛው ወንበር ነው። ሁለቱ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አንድ አንድ ስለ ተካፈሉ ሁሉ ነገር በሦስተኛው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በእኔ በኩል ባለው ገመድ ላይ ተለጥፈው ይማታሉ። የሰማያዊው ክንድ ዝሏል። ክንድ ሲዝል የእጅ አንጓ ይላላል፤ አንጓ ሲላላ ቡጢ ወደ ጥፊ ይለወጣል። ልጁ የሚያሳርፈው በጓንቱ ፊት ሳይሆን በመዳፉ በኩል ነበር። እንዲህ ያለው ምት ቆዳው ተዘርግቶ ስለሚያርፍ ንፋስ እንደ ወረወረው በር ይጮኻል፤ አዳራሹም በእያንዳንዱ ጩኸት ብድግ ይል ነበር። የቀዩ ጥግ ልጅ ግን አጫጭር ቡጢ ከጎድን ሥር ያስገባል። የዚህ ድምፁ በዱቄት ጆንያ ላይ እንደሚወድቅ ድንጋይ ነው፤ ከሪንጉ ማዶ አይሰማም።

ሃያ ሁለት ዓመት ጓንት የሰፋሁ ሰው ነኝና ቆዳ በየትኛው ጎኑ እንደ መታ ለማወቅ አልቸገርም። ደንቡም ግልጽ ነው፤ በመዳፍ የተመታ አይቆጠርም። ደወሉ ሲደወል ለቀዩ አሥር፣ ለሰማያዊው ዘጠኝ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። ሰሌዳው አራት ዳኞችን ለሰማያዊው፣ አንድን ዳኛ ለቀዩ አወጣ፤ ከአንዱም ጎን የወንበሩን ቁጥር ጻፈ።

«ሽማግሌው! መነጽርህን እቤት ረሳኸው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላዬ።

«የለም፣ ዓይኑን ነው የረሳው!» አለ ሌላው። ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተቀባበለ።

ከሰዓት በኋላ የዳኞች ገምጋሚው አስጠራኝ። ዳኞች እሱ በሌለበት «ፐርሰንት» ይሉታል፤ ስለ ማንም ሲያወራ ከስሙ በፊት የሚጠራው መቶኛውን ነውና። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ዳኝነት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ዛሬም ክፉ ሰው አይደለም።

ቢሮ ብለው የሰጡት የአዳራሹን ዕቃ ቤት ነበር። በአንድ በኩል የተጠቀለለ ምንጣፍ ተደርድሯል፤ ሆዱ የተቀደደ የልምምድ ከረጢት ከግድግዳው ተደግፏል። ከእሱ መቀመጫ ሌላ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። በመስኮቱ ሥር ያለው ካርቶን ተጭኖበታል፤ ሌላው አንድ እግሩ አጥሮ ይነቃነቃል። የሚጠራ ሰው የሚቀመጠው በሚነቃነቀው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ። ሻይ ላስመጣ?»

«ሻይ የሚያስጠጣ ነገር ከሆነ ቶሎ ንገረኝ። ካልሆነም ቶሎ ንገረኝ።»

ፈገግ አለና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። «በዚህ ውድድር ከአብላጫው ዳኛ ጋር የተስማሙት ሰባ አንድ ፐርሰንት ነው። ዝቅተኛው ሰማንያ ነው፤ ያውቁታል።»

«የምትለካኝ ከአብላጫው ጋር ነው ወይስ ከግጥሚያው ጋር?»

«ኧረ ጋሼ! አራት ሰው እኩል ይሳሳታል?»

«አራት ሰው አንድ ጩኸት ተከትሎ ከፈረደ፣ አንድ ሰው ብለህ ቁጠረው።»

ቪዲዮውን ከፈተልኝ። ካሜራው ከማዶ የተተከለ ስለ ነበር የሰማያዊው ልጅ እጅ ጀርባው ብቻ ይታያል።

«መዳፉን አሳየኝ» አልኩት።

«በዚያ በኩል ካሜራ የለንም።»

«በዚያ በኩል እኔ ነበርኩ። ጓንቱስ የት አለ?»

«ተወልውሎ ለሌላ ተሰጥቷል።» ተነሥቶ በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ምናልባት ልክ ይሆናሉ። ውጤቱ ግን አይለወጥም፤ ልጁም ነገ ፍጻሜውን ይገጥማል። ይቺን ብቻ ይፈርሙልኝ።»

አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበልኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ የማነበው ሁልጊዜም ቀስ ብዬ ነው። በሦስተኛው ዙር የሰጠሁት ፍርድ ስሕተት መሆኑን ቪዲዮውን አይቼ ማመኔን ይገልጻል። ከታች ለፊርማ መስመር ተሰምሯል።

«ከፈረሙ ነገ ፍጻሜው ላይ ወንበርዎ ላይ ነዎት» አለ። «ከዚህ በኋላ ዕድሜው አይፈቅድልዎትም፤ የመጨረሻዎ ነው። በክብር ልሸኝዎት እንጂ! ደግሞስ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም? ብቻዎን የት ይደርሳሉ?»

«ሰምቻለሁ። አንበሳው ምን እንዳጠፋ ግን ድሩን የጠየቀው የለም።»

ፊርማ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። እስከ አርባ ዓመቴ ፊደል አልለይም ነበር። ጓንት በምሰፋበት ወርክሾፕ አለቃው አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣና «የመገኘትህ ማረጋገጫ ነው» ብሎ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ አስረገጠኝ። ወረቀቱ ግን በሪንግ ላይ የተተረተሩት ጓንቶች ሁሉ የእኔ ጥፋት መሆናቸውን የሚናዘዝ ነበር። ክሩን በርካሽ ክር ያስለወጠው እሱ ራሱ ነው። በሳምንቱ ከሥራ ወጣሁ። የገዛ ጣቴ ምን ብሎ እንደ መሰከረብኝ ለማንበብ ስል ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያነበብኩት መጽሐፍ የቦክስ ደንብ ነው። የማነበው በዝግታ ስለ ሆነ የዘለልኩት ቃል የለም።

«ልጄ፣ ይህን አልፈርምም» አልኩት።

«እንግዲያው ነገ ወንበር የለዎትም ጋሼ። ባጁንም ያስረክቡኛል።»

ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ከላፕቶፑ አጠገብ አኖርኩት።

«ወረቀቱን ግን ልውሰደው?»

«ካልፈረሙበት ምን ሊያደርግልዎት?»

«ጀርባው ንጹሕ ነው።»

በመተላለፊያው ላይ አዋላጇን አገኘኋት። ሥራዋ ማዋለድ ነው፤ የዓመት ፈቃዷን እያጠፋች ቦክስ ትዳኛለች። በዚህ ውድድር ተጠባባቂ ነበረች።

«አባባ፣ አንገትዎ ምነው ባዶ ሆነ? ባጁን አንድ ኮረዳ ቀማችዎ?»

«ኮረዳማ ብትሆን በደስታ ነበር። ፐርሰንት ነው።»

ሳቋ በአፏ ላይ ቀረ። «ወንበርዎን ለእኔ ሊሰጡኝ ነው ማለት ነዋ። እምቢ ልበል?»

«እምቢ ካልሽ ጩኸት ለሚቆጥር ሰው ይሰጡታል። ተቀመጪበት።»

«በጩኸትስ አልታማም» አለች። «የምትጮኸው ወላድ አታስደነግጠኝም። እኔ የምሮጠው ዝም ወዳለችው ነው።»

ከዚህ የበለጠ የዳኝነት ትምህርት እኔም ሰጥቼ አላውቅምና ምንም አልጨመርኩላትም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ማንኛውም ተመልካች ገብቼ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ገና አልሞላም፤ ሠራተኞች የሪንጉን ገመድ ያጠብቃሉ። ድንገት የትናንቱ ሰማያዊ ልጅ ከፊቴ ቆመ። የልምምድ ጓንቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አዳራሹ በሙሉ ስላሾፈብኝ የትኛው ዳኛ እንደ ነበርኩ ለማወቅ አልተቸገረም። ቋንቋችንን አያውቅም። አራት ጣት አሳየኝና ደረቱን መታ። ከዚያ አንድ ጣት አነሣ፤ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ትከሻውን ሰበቀ።

አሰልጣኙ እያለከለከ ደረሰበት። የእናቱ ቋንቋ የእኛ ነውና አፋችንን አቀላጥፎ ይናገራል።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ካልጠየቅሁት አልገጥምም አለኝ። አራት ዳኛ አሸናፊ ብሎት እሱ አንዱን ፍለጋ ያዞረኛል!»

ደንቡ ዳኛ ከተወዳዳሪ ጋር እንዳይነጋገር ይከለክላል። እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ፤ ባጅ የለም። አፌን አስሮት የነበረውን ገመድ ፐርሰንት በገዛ እጁ ፈቶልኛል።

ጓንቱን እንዲያጠልቅ በምልክት ነገርኩት፤ መዳፌን ዘርግቼም ትናንት እንደ መታው አድርጎ እንዲመታኝ እጁን ከፍቼ አሳየሁት። መታኝ። አዳራሹ አስተጋባ፤ ገመድ የሚያጠብቁት ሠራተኞች ዘወር አሉ። ቀጥዬ አውራ ጣቱን አጠፍኩለት፤ አንጓውን አቃናሁና በጓንቱ ፊት እንዲመታኝ አደረግሁ። በዚህኛው የዞረ ሰው አልነበረም። የፊተኛው መዳፌን አሳክኮኝ ቀረ፤ የኋለኛው ግን ትከሻዬ ድረስ ገባ። ልጁ ክንዴ ወደ ኋላ ሲሄድ አየ፤ ፈገግታውም ጠፋ።

«አባቴ፣ እኔም አጥቼው አይደለም» አለ አሰልጣኙ። «ግን ዳኞቹ የሚወዱት የሚጮኸውን ነው። ዛሬ እጁን ካረመ ይሸነፋል እኮ!»

«ሊሸነፍ ይችላል። ይህንንም ሳታስቀር ንገረው።»

ነገረው። ልጁ ጓንቱን እያገላበጠ ቆየና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

አሰልጣኙ ራሱን ወዘወዘ። «‹ትናንት ሲያልቅ ያን ልጅ ሳቅፈው ፊቱ ላይ አንድ ምልክት አልነበረውም። እኔ ግን እስካሁን በጎኔ መተኛት አልቻልኩም› ይላል። ለካ ለዚህ ነው የመጣው። እኔ ምን ልበል?»

ፍጻሜው ተጀመረ። ሦስተኛው ወንበር ላይ አዋላጇ ተቀምጣለች። እኔም ያልፈረምኩበትን ወረቀት በጉልበቴ ላይ ገልብጬ ሦስት መስመር አሰመርኩ።

ተጋጣሚው ቀይ የለበሰ ረጅም ልጅ ነበር፤ ክንዱን እንደ ጅራፍ ያወናጭፋል፤ አዳራሹም ያጨበጭብለታል። የመጀመሪያውን ዙር ለእሱ ሰጠሁት፤ ይገባው ነበር። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግን ሰማያዊው እጁን ዘግቶ ወደ ውስጥ ገባ። ጎድን፣ ጎድን፣ አገጭ። ድምፅ የለውም። አዳራሹ ቀዘቀዘ።

«ሰማያዊውን ዛሬ ምን ነካው?» አለ አጠገቤ የተቀመጠ ወፍራም ሰው። «መምታትስ ትናንት ነበር!»

«የሚመታው ዛሬ ነው» አልኩት።

«እርስዎ ደግሞ በየት በኩል ያውቃሉ?»

በሦስተኛው ዙር ቀዩ ሁለቱንም ክርኖቹን ጎድኑ ላይ ለጥፎ መሸሽ ጀመረ። እየሸሸም በመዳፉ ሁለት ሦስት ጊዜ አጮኸ፤ ሰዉም ተነሥቶ ጨፈረለት። ደወሉ ተደወለ። እኔም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ለሰማያዊው ጽፌ ከሥሩ ፈረምኩ። የፈረምኩት ሰሌዳው ገና ሳይበራ ነው።

ሰሌዳው በራ፦ አራት ለቀዩ፣ አንድ ለሰማያዊው። የአንዱም ወንበር ሦስተኛው።

«እንዴ!» አለ ወፍራሙ ሰው። «እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዓይኑ ይጠፋል እንዴ?»

ልጁ የብር ሜዳሊያውን አጠለቀ። ፎቶ ሊያነሡት ሲሉ እጁን አውጥቶ አንድ ጣት ወደ አራተኛው ረድፍ አነሣ። ሁለተኛ ወጥቶ አንድ ጣት ማሳየቱ ብዙ ሰው አሳቀ። እኔም አንድ ጣት አነሣሁለት፤ በእኔም ሳቁ።

አዋላጇ እንደምትጠራ አውቅ ስለ ነበር ቀድሜያት የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ስትደርስ ፊቷ ገርጥቷል፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

«አባባ፣ ያ ወንበርዎ የተረገመ ነው መሰለኝ።»

«እሱ ምንም አይልም። የሚነቃነቀው የውስጠኛው ነው። አንቺ በመስኮቱ ሥር ያለውን ካርቶኑን አውርደሽ ያዢ።»

አብረን ገባን። ፐርሰንት አዲስ ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር፤ ቃሉ የእኔው፣ የተለወጠው ስሙ ብቻ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ተነሥቶ። «እርስዎ ዛሬ ዳኛ አይደሉም። ይሄ የዳኞች ጉዳይ ነው።»

«አውቃለሁ። የመጣሁት ለምስክርነት ነው።»

የሚነቃነቀውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩበት። ወዲያና ወዲህ አለ፤ እኔ ግን ጠባዩን ለምጄዋለሁ። ወረቀቴን በጀርባው በኩል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሦስት ዙር፣ ስድስት ቁጥር፣ ከሥሩም ፊደሉ አንድ በአንድ የሚነበብ ፊርማዬ። ፐርሰንት አነበበው። ገለበጠው፤ በፊቱ በኩል ለፊርማ የተሰመረችው መስመር እንደ ትናንቱ ባዶ ናት። መልሶ ገለበጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የትም አይመዘገብም። ሲስተሙ አይቀበለውም።»

«አይቀበለው። አንተ ተቀብለኸዋል፤ እጅህ ላይ ነው።»

ወረቀቴን ወደ ጎን አኖረው። አዲሱን ወረቀት ወደ አዋላጇ ገፋ። «እሺ፣ አንቺስ?»

ካርቶኑን ወለሉ ላይ አውርዳ፣ በመስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ተቀምጣለች።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለችው።

ሰጣት፤ እፎይ ሲልም ሰማሁት። እሷ ግን ወረቀቱን ገለበጠችና በጀርባው ላይ የመጀመሪያውን መስመር ማስመር ጀመረች።