አንድ ኪሎ ጦስኝ በብልቃጥ

ምራቴን እድላዊትን አልወዳትም። ይህን ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ልጄ የሺዋስ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ በወር አራት ቀን ቤት ቢያድር ነው። የቀረውን ጊዜ አቃቂ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤቴ ከእሷ ጋር የምፋጠጠው እኔ ወርቅነሽ ነኝ። መሃላችን ያለችው የልጅ ልጄ ዮዲ ብቻ ናት፤ ዓመት ከአራት ወሯ። እሷ ባትኖር ኖሮ አንዳችን ይህን ቤት ለቃ ከወጣች ሰንብታ ነበር።

እድላዊት ቂሊንጦ አንድ የዘይት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የምግብ ዘይት እንዳይመስላችሁ፤ ጦስኝና ባሕር ዛፍ በእንፋሎት እየቀቀሉ ሽታውን ያወጡና ለሳሙና ሠሪ ይሸጡታል። እኔ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጥጥ ብናኝ ውጫለሁ። ደረቴ ሲዘጋ ያቆመኝ ከመንዝ የሚመጣ ጦስኝ ነው። ከየትኛው ተራራ እንደተቀጠፈ በአፍንጫዬ እለያለሁ። ይህን ብነግራት ሳቀች።

«ልክ ነዎት እማማ። ያንዱ ቦታ ጦስኝ ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛዋል፣ የሌላው ካርቫክሮል የሚባል። ሽታው የሚለያየው ለዚያ ነው። እኛ ግን በማሽን ነው የምናውቀው።»

ልክ ነዎት ስትል እንኳ ትሰድባለች።

ሰኔ ሲገባ ዮዲን ሳል ያዛት። እናትየው ጤና ጣቢያ ወስዳት መጣች፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ በራሱ ይለቃታል ብለዋታል። በራሱ ይለቃል የሚባል መድኃኒት በዕድሜዬ አልሰማሁም። ጦስኜን ቀጠን አድርጌ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ቅዳሜ ዕለት እድላዊት ደረሰችብኝ። ሲኒውን ነጥቃ ደፋችው። አላበቃችም፤ የጦስኝ ከረጢቴን አንጠልጥላ ወጥታ በደጃችን የሚያልፍ ቆሻሻ መኪና ላይ ወረወረችው። ተመልሳ ከቦርሳዋ አንዲት ቡናማ ብልቃጥ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረገቻት።

«ጀርም የሚገድለው ቲሞል ነው፤ ሳል የሚያለዝበውም እሱ ነው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጦስኝ የሚወጣው ይህችው ናት። መድኃኒቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው! የእርስዎ ሻይ የቅጠል እጣቢ ነው።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት በእጣቢ ነው የቆምኩት?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ብልቃጧን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠቻት። አይጠጣም አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሰኞ እሷ ሥራ ሄደች። ዮዲ ስትስል ዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ሳሉ እንቅልፍ ነሳት፣ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ጦስኝ የለኝም። ጉሊት ሄጄ እንዳልገዛ ዝናብ ነው፣ ልጅቷን ለማን ልተዋት? ቁም ሳጥኑን አየሁት። እውነቱን ልናገር፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ነገሯን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። የተማረች ናት፣ ማሽን አላት፣ ምናልባት ልክ ትሆን ይሆናል እያልኩ ነበር። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። «ስንት ልስጣት?» ብዬ ብደውል ምን ነበረበት? ተሸነፍኩ ማለት ይሆንብኛል። አልደወልኩም። ለራሴ ሻይ አንድ ጭብጥ ጦስኝ እጨምር የለ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ምን አላት ብዬ በወተት በጥብጬ ሰጠኋት።

ወተቱን ሳትጨርስ ጮኸች። ከንፈሯ ቀላ፣ ለሃጯ ተዝረከረከ፣ ትንታው አልለቃት አለ። ከዚያ ጩኸቱም ቀረና ትንፋሿ እንደ ፉጨት ቀጠነ። አንገቷ እጄ ላይ ሲዝል ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ልከት ስል በሩ ተከፈተ። እድላዊት ከሰርቪስ ወርዳ መምጣቷ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ አሸተተች። ሽታው ነገራት።

«ምን ሰጠሻት?» አለችኝ። አንቱታው እዚያው ቀረ። እጄን መትታ ከልጅቷ አፍ አራቀችው። «እንዳታስመልሻት! ዘይቱ ሳንባዋ ይገባል!»

በባጃጅ ወጣን። የቃሊቲ መንገድ እንደ ልማዱ በከባድ መኪና ተዘግቷል። እድላዊት ዮዲን በጎን አስተኝታ አቅፋ ባለባጃጁን ትሳደባለች። እኔ ትንፋሽ እቆጥራለሁ። አንዱ ሲዘገይ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር እሰዳለሁ። እመቤቴ ሆይ፣ እኔን ውሰጂኝ አልኩ፤ የምሬን ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ኦክስጅን እየሰካላት «ምንድን ነው የወሰደችው? ማን ሰጣት?» አለ።

«የጦስኝ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። የሰጠኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማማ፣ ይህ እኮ ለሕፃን መርዝ ነው። ቀጭን ሻይ ቢሆን ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህችን ቃል አንገቴ ላይ አስሬ ሰፈሩን እዞርባት ነበር። ያን ዕለት መሬቱ ቢከፈት ገብቼበት ነበር። እድላዊትም አቀረቀረች።

ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ እሷ ከአልጋው በዚህ፣ እኔ በዚያ። ከመሸ በኋላ ሐኪሙ ተመልሶ መጥቶ አዳመጣትና ክፉው አልፏል፣ ግን እዚህ ታድራለች አለ። ያኔ ነው እድላዊት ፊቷን ወደ እኔ ያዞረችው።

«ከዛሬ ወዲያ ልጄን እንዳይነኩብኝ» አለች፤ አንቱታው ተመልሷል።

«መድኃኒቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። ለመናደፍ ብዬ ነበር። «ቤቴ ከገባሽ አራት ዓመትሽ ነው። አንድ ቀን አመንኩሽ።»

ከዚያ የዮዲን እግር ይዛ እንባዋ ወረደ።

«ምነው እንደ ልማድዎ ባላመኑኝ!» አለች።

እኔም ይህንኑ ልል ነበር፤ ቀደመችኝ።