ሄልሜት ውስጥ ያለው ሰው

ከፈለ ውሸት የሚያሳድገው እንደ ሙክት እየቀለበ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ስትወለድ ይቺን ታክል ነበረች፦ «አሌክሳንድሪያ የሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል ፊልም ሲቀረጽ እዚያው ነበርኩ።» እስከዚህ እውነት ናት። ድልድዩን ተሻግራ ቨርጂኒያ እስክትገባ ግን ሄልሜት አጠለቀች፤ ቁጥር ሃምሳ አራት ለበሰች፤ አራት ጎረምሳ በአንድ ትከሻ ገለበጠች።

ክፋቱ፣ ሩሃማን እንዲጠይቁለት የላካቸው ሽማግሌ ጋሽ ኃይለመለኮት ልጁን ሲያሞግሱ «ፊልምም ሠርቷል» ብለው ጣል አደረጉ። የሩሃማ አባት ጋሽ እንግዳወርቅ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት የሆቴል ፓርኪንግ የሠሩ፣ በዋዛ የማይሸነገሉ ሰው ናቸው።

«ለውሸታም ልጄን አልሰጥም። እሁድ ይምጣና ፊልሙን አብረን እንየው» አሉ።

እሁድ መድረሱ አይቀር፣ ደረሰ። ስካይላይን ሕንፃ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ጋሽ እንግዳወርቅ ቤት፣ ፊልሙ ተከፍቶ ከፈለ በሁለቱ አዛውንት መሃል ሶፋው ላይ ተቀርቅሯል። ሩሃማ በሩን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። በዚህ ላይ ታናሽ እህቷ ሳምሪ አለች፤ የትምህርት ቤቷን ፉትቦል ቡድን ነጥብ የምትመዘግብ፣ ስህተት በጥርሷ የምትይዝ።

«ኖት ሪል! ጨዋታው ሊያልቅ አራት ሰከንድ ቀርቶት የአምስት ደቂቃ ስፒች? ደሞ ያኛው ሃይስኩል ነው? የሦስት ልጆች አባት ነው የሚመስለው!»

«ዝም በይ» አሉ አባቷ። «የትኛው ነህ ልጄ?»

«ሃ… ሃምሳ አራት፣ ጋሼ። ሄልሜቱ ሸፈነኝ እንጂ…»

ሃምሳ አራት ሮጠ፤ ጋሽ ኃይለመለኮት አጨበጨቡ። ሃምሳ አራት ወደቀ፤ «እኔን!» ብለው የከፈለን ጉልበት አሹለት። ሃምሳ አራት ተነሣና እጁን ወደ ሄልሜቱ ሰደደ። ከፈለ በሆዱ «አታውልቅ፣ በእናትህ አታውልቅ» አለ።

አወለቀ። ካሮት የመሰለ ቀይ ጸጉር።

ከፈለ በሩን አየ፤ ሩሃማ ቆማለች። መስኮቱን አየ፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው። «የሚሮጠው እኔ ነኝ፣ ፊቱ ብቻ የሱ ነው» የምትል አዲስ ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች።

«ሳምሪ፣ አቁሚው!» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። ቀዩን ልጅ ልብም አላሉት፤ ጣታቸው ከሜዳው ጀርባ ያሉትን መኪናዎች ያሳያል። «እነዚህን ያቆመ ማነው? የሁሉም አፍንጫ ወደ መውጫው፣ መሃላቸው አንድ ክንድ፣ ቫኖቹ ዳር ዳሩን። ሁሉም ውሸት ነው ስትዪ ነበር፤ ይሄ ግን እውነት ነው። ሙያ ነው!»

ከፈለ ምራቁን ዋጠ። አዲሷ ውሸት አብራ ወረደች።

«እኔ ነኝ ያቆምኳቸው» አለ። «ስልሳ ሁለት መኪና። ሜዳውን በእግሬም አልረገጥኩት፣ ጋሼ።»

ጋሽ እንግዳወርቅ አፈጠጡበት።

«ልጄን የጠየቀኝ የትኛው ነው? ሯጩ ወይስ መኪና አቋሚው?»

«መኪና አቋሚው።»

«እንግዲያው ሯጩ አሁኑኑ ከቤቴ ይውጣልኝ!»

ከፈለ አንገቱን ደፍቶ ሊነሣ ሲል ጃኬቱን ይዘው ጎተቱት።

«አንተ ደግሞ የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ። ያን ጥግ ያለውን ቫን እንዴት አድርገህ እንዳስገባኸው ንገረኝ። ሳትጨምር።»